«ካሳ» በሚለው ስም ላይ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖቼ። ባለቤቴ የመውለጃዋ ጊዜ ደርሷል። ወንድ ነው ተብለናል። እናቴ ልጁ «ካሳ» እንዲባል ትፈልጋለች። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት አርፏል፤ ለእሷ ይህ ልጅ የእሱ ምትክ ነው። ባለቤቴ ግን ጨንቋታል። «ልጄ ገና ሳይወለድ የሰው ሐዘን ለምን ይሸከማል?» ትላለች። እውነቷን ነው። እናቴም እውነቷን ነው። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ።

ስሙ ከሞት ወይም ከከባድ ጉዳት በኋላ ለሚወለድ ልጅ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ምትኩ፣ ተካና ማስረሻም ከዚሁ ስሜት የሚወጡ ናቸው። ለሴት ደግሞ ካሰች ወይም ካሳነሽ አለ። ካሳሁን የሚለውን ብዙም አልወደድኩትም፤ ልጁን የሚያዝዘው ይመስለኛል። «ካሳ» ብቻውን ይሻላል።

ደግሞም የነገሥታት ስም ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ እስኪነግሡ ድረስ ካሳ ኃይሉ ነበሩ። እስከ ዛሬ «መይሳው ካሳ» እየተባሉ ይወደሳሉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ እስኪጭኑ ድረስ ካሳ ምርጫ ነበሩ። ይህን ስነግራት የባለቤቴ ፊት ትንሽ ፈታ አለ።

ካሳ የምትባሉ፣ ወይም ልጃችሁን ካሳ ያላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ስሙ ከብዷችሁ ያውቃል? የስሙን ምክንያት ለልጁ መቼና እንዴት ነገራችሁት? ሐዘን ሳይኖር ይህን ስም ያወጣ ቤተሰብስ ታውቃላችሁ? ቀኑ ስለደረሰ ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።