የጋራ ፕሮጀክታችን ረቂቅ፦ የሃይፐርሶኒክ ሞተር አየር ማስገቢያ በውሃ ገበታ ላይ

አስተባባሪዋ፣ ደብረ ብርሃን፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ርእሱ ተወስኗል፤ ከድምፅ አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ በሚፈጥን በራሪ ሞተር ውስጥ የሚገባውን አየር መቆጣጠር። የቀረው በምን እናሳየው የሚለው ነው። ለመግቢያው ኤክስ-51ኤ የተባለውን የአሜሪካ የሙከራ በራሪ ታሪክ ይዣለሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞተሩ ከማስነሻው ጋዝ ከኤቲሊን ወደ ዋናው ነዳጅ ሲሸጋገር የአየር ማስገቢያው ፍሰት ተናጋና በረራው ሳይሳካ ቀረ። በ2013 ግን ማክ 5.1፣ ማለትም የድምፅን ፍጥነት 5.1 እጥፍ፣ ደረሰ።

ከደብረ ሲና፦ የጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ ያለውን ነፋስ ለምን አንለካም? ያለ ክፍያ የተሰጠን መሞከሪያ ነው!

ከአንኮበር፦ ወንድሜ፣ ያ ነፋስ የቱንም ያህል ቢበረታ ከድምፅ ፍጥነት እጅግ ያነሰ ነው፤ የምንፈልገውን ድንገተኛ የግፊት ሞገድ አይፈጥርም። ዋሻው ለማስረዳት ግን ይጠቅመናል። ውስጡ አንድ ከባድ መኪና ሲቆም ሰልፉ ከአፉ ወጥቶ ይረዝም የለ? ማቃጠያው ውስጥ ግፊት ሲበዛም ሞገዱ ተገፍቶ በማስገቢያው አፍ ይወጣል፤ መግባት የነበረበት አየር በጎን ያልፋል።

ለሙከራው ውሃ ይበቃናል። በስስ ውሃ ላይ ሞገድ የሚሄድበት ፍጥነት የድምፅን ቦታ ይተካል። ጥልቀቱ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይህ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃውን በ66 ካስኬድነው የማክ 3 አምሳያ አገኘን ማለት ነው። ውሃው ለሚፈስበት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ገበታ በሰከንድ 1.3 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ይበቃል። በሁለት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች መካከል ያለውን ጉሮሮ እያጠበብን ስንሄድ፣ ውሃው በድንገት ከፍ የሚልበት መስመር፣ ማለትም የግፊት ሞገዱ አምሳያ፣ ዘሎ ወጥቶ ከፊት ይቆማል። የሚገርመው፣ ሰሌዳዎቹን ወደ ነበሩበት መመለስ ብቻ ላያስገባው ይችላል፤ ከዚያም አስፍቶ መክፈት ያስፈልጋል።

ከመንዝ፦ እኔ የኮምፒውተር ስሌት ይቅደም ባይ ነኝ። ውሃ እንደ አየር አይግልም፤ ቁጥሩም ከአየር ጋር አይገጥምም።

አስተባባሪዋ፦ እውነት ነው፤ ገደቡን በግልጽ እንጽፈዋለን። ስሌቱን አንተ ጎን ለጎን ሥራልን። ገበታው ግን ይቅደም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ኤስአር-71 በተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን የአየር ማስገቢያ መሃል ያለው ሾጣጣ እስከ 66 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወደ ኋላ ይንሸራተት ነበር። እኛም አንዱን ሰሌዳ በትንሽ ሞተር እናንቀሳቅሰው፤ የውሃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ያዘዋል። ይህን ለእኔ ተዉልኝ።

አስተባባሪዋ፦ መጀመሪያ በእጅ ይሠራ፤ ሞተሩ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ይግባ። የፓምፕ ዋጋ ማን ይጠይቅ?

ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ። ሰሌዳው ግን ደብረ ብርሃን ይገዛ፤ እዚህ ያለው ስስ ነው፣ ይጎብጣል።