ባለቤቴ ያመጣውን የፍቺ ስምምነት ወረቀት ልፈርም ወይስ ልቆይ?

ከባለቤቴ ጋር 11 ዓመት በትዳር ኖረናል። ተለያይተን መኖር ከጀመርን 7 ወር ሆኖናል፤ ፍርድ ቤት ግን እስካሁን አልሄድንም። ባለፈው እሑድ ልጆቹን ሊያይ መጥቶ አራት ገጽ የስምምነት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። የምፈርምበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ወረቀቱ ቤቱ የእሱ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። እውነት ነው፣ የተመዘገበው በስሙ ነው፤ የገዛነው ግን ከተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው፣ የባንኩንም ብድር ከሁለታችን ደመወዝ ስንከፍል ኖረናል። የእኔ ክፍያ የሚታይበትን የባንክ መግለጫ አሰባስቤያለሁ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ሊባል እንደሚችል አንብቤያለሁ፤ ታዲያ የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? ከተለያየን በኋላ እሱ ብቻውን የተበደረው ገንዘብስ እኔን ይመለከታል?

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ የልጆቹ ነገር ነው። ወረቀቱ ቀለብ እንደማልጠይቅ ቃል ያስገባኛል። ቀለብ የልጆቹ መብት ሆኖ ሳለ እናት ፈርማ ልታስቀረው ትችላለች? የ9 ዓመቷ ልጄ ማታ ማታ አባቷ ትቶት የሄደውን ጫማ በሩ ሥር አስተካክላ ታስቀምጣለች። አባታቸውን እንዲያጡ አልፈልግም፤ የሚያያቸው ቀን በግልጽ ይጻፍ ነው የምለው።

በስምምነት መፋታትን አልጠላም። ጠበቃ ለማቆም ግን አቅም የለኝም። ነፃ የሕግ ምክር እንዴት እንደሚገኝ፣ አንዴ ከፈረምኩ በኋላም ስምምነቱን ማስለወጥ ይቻል እንደሆነ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። መልሴን የሚጠብቀው እስከ ዓርብ ነው።