በጽጌ ጾም ወቅት የራይንጋውንና የሞዝልን የወይን ጠጅ ጠማቂዎች ለመጎብኘት ምክር እንፈልጋለን

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት የባለቤቴ እናት ከአዲስ አበባ ይመጡልናል። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዘመድ ወዳጅ ሠርግና ክርስትና ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ፣ የጌሾውን መጠን በእጃቸው ብቻ የሚለኩ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ በስልክ ስናወራ ሙዚየሙንም ገበያውንም ትተው «ፈረንጅ ወይኑን እንዴት እንደሚጥለው አሳዩኝ» ብለውናል። እኛም ሁለት ቀን መድበን፣ ከፍራንክፈርት ብዙ ሳንርቅ፣ የወይን እርሻ ልናሳያቸውና ጠማቂዎቹ ዘንድ ገብተን ልንቀምስ አስበናል፤ ይሁን እንጂ እኔም ሆንኩ ባለቤቴ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጉብኝት አድርገን አናውቅም።

ከጀርመን የወይን አካባቢዎች ራይንጋው ይሻላል ወይስ ሞዝል? መኪና እንከራይ ወይስ በባቡር እንሂድ? በቅምሻ ጊዜ የተቀዳውን አጣጥሞ መትፋት የተለመደ እንደሆነ ሰምተናል፤ በእኛ ባህል ሰው ቤት ገብቶ የተሰጠን መጠጥ መትፋት ነውር ስለሆነ፣ እማማ ይህን ሲያዩ እንዳይከፉ እሰጋለሁ። ከወይን ጠጅ የሚወዱት አክሱማይትን ብቻ ሲሆን፣ ጉደርን እንኳ «ይጎመዝዛል» ብለው ይተዉታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጽጌን ጾም ይጾማሉ፤ ወይኑ ራሱ ከጾሙ ጋር የሚጋጭበት ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ አንድ (ከማይንዝ)

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ የሚመጡበት ወቅት የለቀማው ወቅት ነው። እኔ ለበርካታ ዓመታት በመከር ጊዜ በራይን ዳርቻ ወይን በመልቀም ስለሠራሁ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሁለት ቀን ካላችሁ አንዱን ለራይንጋው፣ አንዱን ለሞዝል ስጡ፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ከሁለት ጠማቂ በላይ አትያዙ። ብዙ ሰው አምስት ስድስት ቦታ ለመድረስ ሲሮጥ ይውልና፣ ማታ ላይ የትኛውን የት እንደቀመሰ እንኳ አያስታውስም። ጠማቂው ከምድር ቤቱ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ብርጭቆው እየወሰደ የሚያስረዳችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁት ስትቀመጡ ብቻ ነው።

ራይንጋው ለእናንተ ቅርብ ነው። የራይንን ቀኝ ዳርቻ ይዞ የሚሄደው ባቡር ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ኤልትቪለን አልፎ ሩደስሃይም ያደርሳችኋል። ራይን በጠቅላላው ወደ ሰሜን የሚፈስ ወንዝ ቢሆንም እዚህ ግን የታውኑስ ተራሮች ስለሚያግዱት ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ በዚህም ምክንያት የቀኝ ዳርቻው ዳገት ፊቱን ወደ ደቡብ ፀሐይ አዙሮ፣ ጀርባውን በተራራ ከሰሜን ነፋስ ተከልሎ ይገኛል። ሪዝሊንግ የተባለው ነጭ የወይን ዘር በዚህ ሰሜናዊ አገር የሚበስለው ይህን በመሰለ ቦታ ነው።

እማማን መጀመሪያ የምወስዳቸው ወደ ኤበርባኽ ገዳም ነው። ከኤልትቪለ በአውቶቡስ ይደረሳል። ገዳሙን እ.ኤ.አ. በ1136 የመሠረቱት የሲስተርሲያን መነኮሳት ሲሆኑ፣ እስከ 1803 ድረስ ወይን ሲያለሙና ሲጠምቁ ኖረዋል፤ ዛሬም በግዛቱ መንግሥት ሥር ሆኖ ወይን ጠጅ ይመረትበታል። መነኮሳቱ ይበሉበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ግዙፍ የእንጨት የወይን መጭመቂያዎች ተደርድረው ይታያሉ። የቅዳሴው ወይን በቤተ ልሔም ከዘቢብ ሲዘጋጅ ለሚያውቁ እናት፣ መነኮሳት ይህን ያህል ዘመን ከወይን ተክል ጋር መኖራቸውን ማየት ልዩ ስሜት የሚያሳድርባቸው ይመስለኛል።

ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የዮሐኒስበርግ ቤተ መንግሥት አለ፤ በ1720 ኮረብታው በሪዝሊንግ ተተከለ። እዚያ ሄዳችሁ የ1775ቱን ታሪክ ሳትሰሙ አትመለሱም። በዚያ ዘመን ለቀማ የሚጀመረው ባለርስቱ የፉልዳ ጳጳስ ሲፈቅድ ብቻ ስለነበር፣ በየዓመቱ ፈረሰኛ መልእክተኛ ይላክ ነበር። በዚያ ዓመት መልእክተኛው ዘግይቶ ሲመለስ ፍሬው ሻግቶና ተጨማድዶ ቆየ፤ የቦታው ጠማቂዎች ግን አልጣሉትም፣ ጠመቁት፤ የወጣውም እጅግ ጣፋጭና መዓዛው የሚያስደንቅ ሆነ። ሻጋታው የወይኑን ልጣጭ ቀዳዶ ውኃውን ስለሚያተንነው ስኳሩም ኮምጣጣነቱም በፍሬው ውስጥ ይጠራቀማል። «ሽፔትሌዘ» የሚለው የወይን ደረጃ ትርጉሙም «ዘግይቶ የተለቀመ» ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ሞዝልን ተመልከቱ። ከኮብሌንዝ ወደ ትሪር የሚሄደው ባቡር ኮኸምና ቡላይ ላይ ይቆማል፤ ከቡላይ ደግሞ አነስተኛ ባቡር ወደ ትራበን-ትራርባኽ ይወስዳል። የሞዝል ጉዳይ ዳገቱና ድንጋዩ ነው። አፈሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ የሚሰነጠቅ ግራጫ ድንጋይ የሞላበት ሲሆን፣ ድንጋዩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ለተክሉ ይመልሳል። ብሬም በተባለች መንደር ራስ ላይ ያለው ካልሞንት በአውሮፓ ከታወቁት እጅግ ቀጥ ያሉ የወይን ዳገቶች አንዱ ነው፤ አንዳንድ ቦታው እስከ 65 ዲግሪ ያጋድላል። እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ትራክተር ስለማይወጣ፣ ሰው በእግሩና በእጁ፣ አለዚያም በአንድ ሐዲድ ላይ በምትሳብ ትንሽ ጋሪ ይሠራል። አንድ ጠርሙስ ከዚህ ቦታ ሲገዛ የሚከፈለው ዋጋ የዚያ ድካም ዋጋ ስለሆነ፣ እኔ ሁልጊዜ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ።

መኪና አትከራዩ። በጀርመን ለአሽከርካሪ የተፈቀደው በደም ውስጥ ከ0.5 ፐርሚል (ከሺህ ግማሽ) በታች የሆነ አልኮል ነው፤ ከቅምሻ በኋላ ይህን ለመገመት መሞከር ራሱ አደገኛ ነው።

ስለ መትፋቱ እንዲህ ብላችሁ አስረዷቸው፦ ጠማቂው ስምንት ወይም አሥር ዓይነት ወይን በተከታታይ ሲያቀርብ የሚፈልገው ፍርዳችሁን ነው፤ የሚተፋ ሰው ሥራውን በቁም ነገር የያዘ እንጂ ያቃለለ አይደለም። ማሰሮ መሰል ዕቃ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። እማማ ካልፈለጉ በጥቂቱ ጎንጨት ብለው የቀረውን እዚያው ዕቃ ውስጥ ማፍሰስ ይችላሉ፤ ማንም ቅር አይሰኝባቸውም። በዚያ ቀን ሽቶ አለመቀባት ግን ግዴታ ነው ማለት እችላለሁ፤ የአንድ ሰው ሽቶ የሁሉንም አፍንጫ ያበላሻል።

መልስ ሁለት (ከሽቱትጋርት)

እኔ በምግብ ቴክኖሎጂ ሙያ ስለተሰማራሁ ስለ ጾሙ ጥያቄ ብቻ ልመልስ።

ወይን ጠጅ ከፍሬና ከእርሾ ብቻ የሚገኝ ይመስላል፤ ሆኖም ከመታሸጉ በፊት ብዙ ጊዜ ይጣራል። ደመናማነቱን ወይም ምሬቱን ለማስወገድ የሚጨመረው ነገር ከወይኑ ውስጥ ያለውን ብናኝ ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከዚያም ይለያል። ከእነዚህ ማጥሪያዎች አንዳንዶቹ የእንስሳት ውጤት ናቸው፦ የእንቁላል ነጭ፣ ከወተት የሚወጣ ኬዚን፣ ጄላቲንና ከዓሣ ፊኛ የሚዘጋጅ ማጥሪያ። ለነጭ ወይን ግን ቤንቶናይት የተባለ የሸክላ አፈር በብዛት ያገለግላል፤ ይህ ለጾመኛ ምንም የሚያሳስብ ነገር የለውም።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት፣ ከእ.ኤ.አ. 2012 አጋማሽ ጀምሮ፣ የእንቁላል ወይም የወተት ቅሪት ያለበት ወይን ይህ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ጄላቲንና የዓሣ ፊኛ በዚህ ማስጠንቀቂያ ሥር አይወድቁም፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ምንም አለመጻፉ ብቻውን በቂ ማረጋገጫ አይሆንም። «ቪጋን» (ከእንስሳት ውጤት ነጻ) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ፤ ወይም ጠማቂውን በቀጥታ በምን እንደሚያጠራ ጠይቁት። ከትንሽ ጠማቂ ዘንድ መሄድ የሚጠቅመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሚመልስላችሁ ራሱ የሠራው ሰው ስለሆነ በግልጽ ይነግራችኋል።

ማጥሪያው ተለይቶ ከወጣ በኋላ ወይኑ ለጾም ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን እኔ ልፈርድ አልችልም፤ እማማ ከመምጣታቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ ልባቸው ያርፋል። ለምግቡ ደግሞ አስቀድማችሁ አስቡበት። ከቅምሻው ጋር አይብ ይቀርባል፤ በዚህ ወቅት በየመንደሩ የሚሸጠው የሽንኩርት ቂጣም ብዙውን ጊዜ እንቁላል፣ ክሬምና የአሳማ ሥጋ አለበት። ዳቦና ለውዝ ይዛችሁ ብትሄዱ መልካም ነው።

መልስ ሦስት (ከኮሎኝ)

ከማይንዝ የጻፉት ወንድም ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምርበት። ለሽማግሌ ሰው ካልሞንትን ከታች፣ ከወንዙ ዳር ማየት ይበቃል፤ ዳገቱን ለመውጣት አትሞክሩ።

እማማን በጣም የሚያስደስታቸው ግን «ሽትራውስቪርትሻፍት» የሚባለው ይመስለኛል። ጠማቂው በዓመት ቢበዛ ለአራት ወር፣ ከ40 በማይበልጥ መቀመጫ፣ በገዛ ቤቱ የራሱን ወይን እንዲሸጥ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ቤቱ መከፈቱም ደጃፉ ላይ በሚሰቀል የቅጠል ጉንጉን ወይም መጥረጊያ ይታወቃል። እኔ መጀመሪያ ያን ጉንጉን ባየሁ ጊዜ በአገራችን በጠላ ቤት ደጃፍ በእንጨት ላይ ተደፍቶ የሚሰቀለው ጣሳ ትዝ አለኝ፤ ጠጅ ለሚጥል ሰው ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም። እዚያ ገና በመፍላት ላይ ያለውን «ፌደርቫይሰር» ጠይቁላቸው። ደመናማ፣ ጣፋጭና የሚንጫጫ ሲሆን፣ ከብርዝ ወደ ጠጅ በመሻገር ላይ ያለን ጠጅ ይመስላል። ጠርሙሱ መፍላቱን ስለሚቀጥል ክዳኑ አይጠብቅም፤ ገዝታችሁ ባቡር ውስጥ ስትይዙ አቁማችሁ ያዙት።

ጉደርን የሚሸሹ ከሆነ፣ «ትሮክን» የተጻፈበትን፣ ማለትም ስኳሩ በአብዛኛው ወደ አልኮል የተለወጠውን ወይን አታስጀምሯቸው። ከሞዝል «ካቢኔት» የተባለው ቀላል ሪዝሊንግ፣ ትሮክን ካልተባለ፣ በአብዛኛው ስኳር የቀረበት፣ አልኮሉም ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ጣፋጭነቱን ስለሚመዝነው እንደ አክሱማይት አይከብድም። ቤታችሁ ተመልሳችሁ ከምስር ወጥ ጋር ሞክሩት፤ ስኳሩ የበርበሬውን ትኩሳት ያበርዳል፤ ከፍተኛ አልኮል ያለው ወይን ግን ያባብሰዋል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በባቡር ለመሄድና በቀን ሁለት ጠማቂ ብቻ ለመያዝ ወስነናል። የንስሐ አባትን ጉዳይ ባለቤቴ ዛሬውኑ ለእናቷ ነግራቸዋለች። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በለቀማ ወቅት ጠማቂዎቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው እንግዳ መቀበል ይከብዳቸው ይሆን? ከቀመስንስ በኋላ መግዛት ግዴታ ነው?

መልስ አንድ፣ በድጋሚ (ከማይንዝ)

አዎ፣ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ስለዚህ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ደውላችሁ ቀንና ሰዓት ያዙ፤ ስትደውሉም የምታስመጧቸው እናት ራሳቸው ጠጅ የሚጥሉ መሆናቸውን ንገሯቸው። ከልምዴ እንደማውቀው ይህን የሰማ ጠማቂ ቅምሻውን ትቶ መጀመሪያ መጭመቂያውንና የሚፈላውን በርሜል ነው የሚያሳያችሁ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት ሁሉም ማሳ ላይ ናቸው።

መግዛት ግዴታ አይደለም። አንዳንዱ ለቅምሻው ያስከፍልና ስትገዙ ይተውላችኋል፤ አንዳንዱ በነጻ ያቀምሳል፤ በነጻ ካቀመሰ ግን ሁለት ሦስት ጠርሙስ መግዛት ተገቢ ነው። እማማም ከራሳቸው ጠጅ በትንሽ ጠርሙስ ይዘው መምጣት ከቻሉ ለጠማቂው ያቅምሱት። እኔ አንድ ጊዜ ለአሠሪዬ አቅምሼው፣ ስለ ጌሾ እስኪመሽ ድረስ ሲጠይቀኝ አመሸ።