ለጳጉሜን፦ ልጆቹ "ባሕር"፣ አማቴ "ገጠር" ብለዋል፤ የት ልውሰዳቸው?

የሁለት ልጆች እናት
ሰላም ቤቶች፣ እስቲ ምከሩኝ። ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈቃድ አግኝቶ ከጳጉሜን 1 ጀምሮ ሦስት አራት ቀን ወጣ ብለን እንምጣ ብለናል፣ ፍልሰታም ስለተፈታ አማቴም አብረውን ይሄዳሉ። ችግሩ የት የሚለው ነው። የ9 ዓመቱ ልጄ ክረምቱን ሙሉ ካርቱን ሲያይ ከርሞ ባሕር ካልወሰዳችሁኝ ብሎ ድርቅ ብሏል፣ ባሕር እኮ የለንም ስለው "ባሕር ዳር አለ አይደል እንዴ" አለኝ፣ ምን ልበለው። ትንሿ 4 ዓመቷ ነው፣ ውሃ ካየች ልብሷን እያወለቀች ነው የምትሮጠው። አማቴ ደግሞ ሪዞርት የሚባል ነገር አይወዱም፣ "ለአልጋ ይሄን ሁሉ ከምትከፍሉ ከብት ያለበት አገር ወስዳችሁ አየር ብታስተነፍሱኝ" ነው የሚሉት። በወጣትነታቸው አስመራ ኖረዋል፣ ምጽዋ ወርደው ያውቃሉ፣ ስለዚህ ሐይቅ ብዙም አያስደንቃቸውም :) ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ አይሆንላቸውም፣ ግፊትም አለባቸው። መኪናችን ቪትዝ ናት። ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳና ወንጪን አስቤያለሁ፣ በፎቶ ሁሉም ያምራል ግን ፎቶ አላምንም ካሁን በኋላ።

የደብረ ዘይት ልጅ
እኔ አገሬ ስለሆነ ቢሾፍቱ እላለሁ፣ 45 ኪሎ ሜትር ነው፣ ልጅ "ደረስን ወይ" ሳይል ትደርሻለሽ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ባቦጋያም ሆነ ቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፣ ዳሩ ገደል ነው። ብዙዎቹ ሆቴሎች ከላይ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ውሃው ጋ በደረጃ ነው የሚወረደው፣ ስለዚህ እማማ ከላይ ሆነው ማኪያቶ ይጠጣሉ እንጂ አይወርዱም። ባቦጋያ ጥልቀቱ 60 ሜትር ያልፋል፣ ሁለት እርምጃ ከገባሽ በኋላ መሬት የለም። ለ4 ዓመት ልጅ መዋኛ ገንዳው ነው የሚሆናት፣ ገንዳ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባም አለ። ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ እንጂ ለአራት ቀን አይሆናችሁም።

አሞራ ገደል
ሐዋሳ ነው እንጂ!! ጠዋት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ጋ ውረዱ፣ ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲገቡ፣ ልጆቹ ቆሮሶ ሲበለት ያያሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ከሰው ቁመት ትንሽ ነው የሚያንሱት፣ ለፍርፋሪ ሲሻሙ እኔ እስካሁን እስቃለሁ። የዓሣ ሾርባ፣ ጥብስ በዳጣ፣ ከዛ ጀልባ ይዛችሁ ጉማሬ ማየት። የሐይቁ ዳር መንገድ ደግሞ ሜዳ ነው፣ ጉልበት አይጠይቅም፣ እማማ በቀስታ ሄደው ጥላ ስር አረፍ ማለት ነው።

ነርሷ
አሞራ ገደል ልክ ነህ፣ ግን መዋኘቱን ሳትነግራት ቀረህ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዝያ አለበት። በሽታውን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ያለችው ዳር ላይ ሣርና ቄጠማ ባለበት በማይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ ነው፣ ልጅ የሚጫወተው ደግሞ በትክክል እዛ ነው። መድኃኒት አለው፣ ግን ለምን ተብሎ። ዝዋይም እንደዛው ነው። እህቴ ልጆችሽ ውሃ መግባታቸው የማይቀር ከሆነ ላንጋኖ ነው ከድሮም ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎ የሚታወቀው። ወባ ግን ሁሉም ጋ አለ፣ ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ዝናቡ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። አጎበር አላቸው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ከሌላቸው የራስሽን ያዢ፣ ማታ ረጅም እጅጌ። ከተመለሳችሁ በኋላም ልጅ ትኩሳት ካለው ጉንፋን ነው ብለሽ እንዳታሳድሪው፣ ቶሎ ደም ይታይ።

ጎማ ቀያሪ
እኔ ይሄን መስመር በቪትዝ ብዙ ጊዜ ስለሄድኩበት ልጻፍልሽ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሺኝ። አዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገዱን ይዘሽ ሞጆ ላይ ትወጫለሽ፣ ከዛ ሞጆ ባቱም (ዝዋይ ማለት ነው) ፈጣን መንገድ ሆኗል ክፍያ አለው ግን ይገባዋል ምክንያቱም የድሮው መንገድ ላይ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅና ከብት ነበር የሚያደክመው። ከባቱ በኋላ ግን ያው ድሮ ነው፣ ከብቱ መንገድ ላይ ይተኛል፣ አማትሽ ከብት ካሉ ያኔ ይጠግባሉ :) ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከወጣችሁ ባቱ ቁርስ በልታችሁ እንኳ ምሳ ሳይደርስ ትገባላችሁ። ማታ አትንዱ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሎጁ ጋ ደውላችሁ መንገዱ ሰላም ነው ወይ በሉ፣ እነሱ ያውቃሉ።

አሁን ዋናው። ፎቶ አላምንም ያልሽው ልክ ነሽ። እኔ አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ቦታ ዲፖዚት ልኬ ቤተሰብ ይዤ ሄድኩ፣ ፎቶው ላይ አሸዋ ነው፣ ደርሼ ሳየው ከክፍሉ እስከ ውሃው በድንጋይ የተሞላ ቁልቁለት፣ እናቴን ታዝዬ ነው ያወረድኳት ብል አላጋነንኩም፣ ከዛ ደግሞ ወደ ግቢው የሚያስገባው የአፈር መንገድ ዘንቦበት ነበረና ጎማዬ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አራት ልጆች ገፍተው ነው ያወጡኝ (ስሜም ከዛ የመጣ ነው)። ስለዚህ ስትደውዪ ስንት ብር ነው ከማለትሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፣ ከዋናው አስፋልት ስንት ኪሎ ሜትር ገባ ይላል፣ ዝናብ ሲዘንብ ትንሽ መኪና ይገባል ወይ፣ ከክፍሉ እስከ ውሃው ደረጃ አለው ወይ። ምሥራቁ ዳር ጫካ ነው፣ ጉሬዛ አለ፣ በጣም ያምራል ግን በጳጉሜን በቪትዝ አልመክርም። ምዕራቡ ዳር ለአስፋልቱ ይቀርባል።

ውሃው ቡናማ ነው አትደንግጡ፣ ቆሻሻ አይደለም፣ ደለሉ ነው ተንሳፍፎ የሚቀረው። ዳሩ ብዙ ቦታ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው ለትንሿ ይሆናል፣ ግን ላይፍ ጃኬት ከቤት ይዛችሁ ሂዱ እዛ የልጅ ልክ ላይኖር ይችላል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበል ይመጣል፣ ልጅሽ ባሕር ካለ እሱን አሳይው። ጉማሬ የት አካባቢ እንደሚወጣ ግን ሠራተኞቹን ሳትጠይቁ ሲመሽ ዳር ዳር አትሂዱ።

ቀይ ባሕር ናፋቂ
ባሕር ባሕር ከተባለ ጅቡቲ በባቡር ሂዱ ለምን ትሰቃያላችሁ

ነርሷ
በጳጉሜን ጅቡቲ? ሙቀቱ አይቻልም፣ ግፊት ያለባቸውን ሴትዮ! ባክህ ቀልዱን ተወው

ወሊሶ
ወንጪን ማንም አላነሳውም። 2021 ላይ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ያለው እኮ ነው። ገጠር ካሉ ከዚህ በላይ ገጠር የለም፣ እንሰት፣ ፈረስ፣ ሐይቁ ውስጥ ያለችው ደሴት ላይ ቂርቆስ ገዳም። ግን እኔም አሁን አልልሽም፣ አፋፉ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ በክረምት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ የእማማ ጉልበት ይጮሃል። ለጥቅምት አቆይው።

የሁለት ልጆች እናት
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ በተለይ ጎማ ቀያሪ። ሁለት ቦታ ደወልኩ፣ አንደኛው "ደረጃ አለው ወይ" ስለው "ትንሽ ነው" አለኝ፣ ስንት ነው ስለው ዝም ካለ በኋላ "ሠላሳ ሁለት" አለኝ ሃሃ። ሁለተኛው ሜዳ ነው፣ አጎበርም አለ፣ እሱን ይዘናል፣ ሦስት ሌሊት ላንጋኖ። አማቴን በግ የሚታረድበት ቦታ ነው ብለን ነው ያሳመንናቸው።

አሞራ ገደል
አንዱን ቀን ሐዋሳ ደርሳችሁ ዓሣ ብሉ እንጂ! 75 ኪሎ ሜትር ነው ከዛ

የሁለት ልጆች እናት
ተመልሰናል፣ ለሚቀጥለው ሰው እንዲጠቅም ልጻፍ። መንገዱ እንደተባለው ነው፣ ከባቱ በኋላ ከብት። ሐዋሳ አልሄድንም፣ ልጆቹ ከውሃ አልወጣ አሉ። ልጄ መጀመሪያ ሲያየው "እማ ይሄ ሻይ በወተት ነው" ብሎ አኮረፈ፣ ከሰዓት ማዕበሉ ሲመጣ ግን እየጮኸ ነበር፣ አሁን ለጓደኞቹ ባሕር ሄጄ ነበር እያለ ነው፣ አላረምኩትም። ያልጠበቅኩት ዝንጀሮዎቹን ነው፣ ዳቦ በረንዳ ላይ ካስቀመጣችሁ የእናንተ አይደለም፣ ሙሉ ፌስታል ሙዝ ወስደውብናል። አማቴ ግቢው አልጣማቸውም ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ከአጥሩ ውጭ ከብት የሚጠብቁ እናት አግኝተው በኦሮምኛና በአማርኛ እየተደባለቁ ሲያወሩ ዋሉ፣ ወተት ተሰጥቷቸው መጡ (አፍልተን ነው የጠጣነው ነርሷ፣ አትቆጪ)። ሦስተኛው ቀን ሩፋኤል ነበር፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ እኛ እቃ ልናስገባ ስንሯሯጥ እሳቸው ነጠላቸውን አውልቀው ትንሿን በእጃቸው ይዘው ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል፣ "ሩፋኤል አሳድገኝ በይ" እያሏት። ጉልበቴ ያሉት ሴትዮ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ምጽዋ ይሻላል ወይስ ይሄ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ "ምጽዋ ይሞቃል" ብለው ዝም አሉ።