የክፍሌን የቴሌግራም ግሩፕ ልዝጋው ወይስ ላስተካክለው?

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል መምህርት፣ ባሕር ዳር
ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ 58 ተማሪዎች ላሉበት ክፍልም ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ የሚጽፏቸው አጫጭር ድርሰቶች ታርመው ደብተር ውስጥ እንዳይቀሩና ወላጆችም እንዲያነቧቸው በማሰብ ባለፈው ወር የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግሩፑ በበዓል ምኞትና በሽያጭ ማስታወቂያ ተጥለቀለቀ፤ አንዲት እናትም ቁጥራቸውን ከዚያው ወስዶ የሚደውልባቸው ሰው እንዳለ ነገሩኝ። ስማርት ስልክ የሌላቸው ወላጆችም ጥቂት አይደሉም። ልተወው ወይስ የተሻለ መንገድ አለ?

መልስ፦ የአይሲቲ መምህር፣ አዳማ
ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ያስቸገረዎት ግሩፕ መሆኑ ነው። በግሩፕ ማንኛውም አባል ይጽፋል፣ አባላትም እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በቻናል ግን የሚለጥፈው አስተዳዳሪው ብቻ ሲሆን ተከታዮች አንዱ የሌላውን ማንነት አያይም፤ የውይይት ግሩፕ ካላያያዙበት በስተቀርም አስተያየት አይገባበትም። ስለዚህ የግል ቻናል ከፍተው፣ በሊንኩ የሚመጣው ሰው በእርስዎ ፈቃድ ብቻ እንዲገባ አድርገው ያስተካክሉት፤ ጥያቄ ሲመጣም ከስም መጥሪያው ጋር ሳያመሳክሩ አያስገቡ። የተለጠፈው ወደ ሌላ ቦታ እንዳይተላለፍ የሚከለክለውንም ማስተካከያ ያብሩት፤ በእርግጥ በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳውን ሰው ይህ አይከለክለውም።

በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የሚተይቡ ከሆነ ደግሞ በዩኒኮድ፣ ማለትም ፊደሉ በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር በትክክል እንዲታይ በሚያደርገው የጋራ የፊደል ሥርዓት ይሁን። በድሮው የግዕዝ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ እኔ በዚሁ ምክንያት አንድ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቻለሁ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ነገር ግን የ58 ልጅ ድርሰት ለመተየብ ጊዜ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ የሚኒ ሚዲያ አስተባባሪ፣ ጎንደር
እህቴ፣ ምንም አይተይቡ፤ የልጁን የእጅ ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይለጥፉ። ወላጅ ሊያይ የሚፈልገው የልጁን ፊደል አጣጣል ነው። በሳምንት አምስት ልጆች በተራ ቢያቀርቡ በ12 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳሉ፤ ከዚህ በላይ ከሞከሩ ግን መሰልቸቱ አይቀርም።

ከስልኩ ይልቅ የሚያደክመውም የሚጠቅመውም ከመለጠፉ በፊት ያለው ሥራ ነው። በእኔ ክፍል ጸሐፊው ረቂቁን ለአጠገቡ ልጅ ያነብለታል፤ ያዳመጠውም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀዋል። አንድ ልጅ «ላማችን ወለደች፤ ደስ አለን» ብሎ በሁለት መስመር ጨርሶት ነበር። ጓደኛው «እንገሩን ለማን ሰጣችሁ?» ሲለው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ሰኞ ግን አያቱ እንገሩን ለየትኛው ጎረቤት እንደላኩ፣ ማን እንደተቀየመ ሳይቀር ጽፎ አንድ ገጽ ሞልቶ መጣ። ጽሑፉ ሰው እንደሚያነበው ባያውቅ ኖሮ ይህን ያህል የሚደክም አይመስለኝም።

ስልክ ለሌላቸው ወላጆች ያው ወረቀት ክፍሉ በር ላይ ባለ የእንጨት ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ጠዋት በሰልፍ ሰዓትም በሚኒ ሚዲያ ይነበብ። ቻናሉ ሦስተኛው ቦታ ነው።

መልስ፦ ወላጅ፣ ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ
ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት ክላስዶጆ የሚባል መምህርና ወላጅ የሚገናኙበት መተግበሪያ ይጠቀማሉ፤ ዓመቱ ሲጀመርም የፈቃድ ቅጽ ፈርመናል። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሕፃናት የኢንተርኔት ግላዊነት ሕግ ድርጅቶች ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ቅጹ ላይ ለጽሑፍ፣ ለስምና ለፊት ፎቶ ፈቃድ ለየብቻ ቢጠየቅ ጥሩ ነው፤ እኔ ለጽሑፉ ፈቅጄ ፎቶውን ከልክያለሁ፤ መምህርቷም አልተቀየሙኝም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግሩፑን ዛሬ ማታ እዘጋለሁ፤ ቅጹን ደግሞ ሰኞ በልጆቹ እጅ እልካለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ራሴ አነብላቸዋለሁ። ሰሌዳውን የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ከአሮጌ ዴስክ ሊሠሩልኝ ቃል ገብተዋል። የፊት ፎቶ ለጊዜው ይቆየን።