«ሴፋላድ» ላይ ያለችው «አድ» ለምን መጨረሻ ላይ ገባች?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የአናቶሚ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። መብራት በመጣ ቁጥር እሠራለሁ። አሁን «ሴፋላድ» (cephalad) የሚለው የአናቶሚ ቃል ላይ ተቸክያለሁ።

ፍቺው አላስቸገረኝም፤ «ወደ ራስ አቅጣጫ» ነው። «ኬፋሌ» በግሪክ ራስ፣ «አድ» በላቲን «ወደ»። ግሪክና ላቲን ተጋብተዋል፣ ይሁን። «ኮዳድ» ደግሞ ወደ ጅራት ነው፤ እሱ እንኳ ሁለቱም ወገኑ ላቲን ነው። ምንጫቸውን ስፈልግ የስኮትላንዱ አናቶሚስት ጆን ባርክሌይ በ1803 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአናቶሚ ስያሜ መጽሐፍ ጋ ደረስኩ። ያሉኝ መዝገበ ቃላት ከዚያ ወዲያ አያልፉም።

የከነከነኝ ቦታዋ ነው። በላቲን «አድ» ልክ እንደኛ «ወደ» ከስሙ ትቀድማለች። ባርክሌይ መጨረሻ ላይ የቀጠላት መጨረሻቸው ላይ አቅጣጫ የምታሳይ «ዋርድ» ያለችባቸውን የእንግሊዝኛ «ባክዋርድ» (ወደ ኋላ)፣ «ፎርዋርድ» (ወደ ፊት) አስመስሎ ነው ወይስ ሌላ አርአያ ነበረው?