ርስቱ ለበኩር ልጅ ብቻ መሆኑ ልክ ነበር? የባቫርያ ጉዳይ

ኢሳር ማዶ፦ እስቲ እንከራከር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የቪተልስባኽ ቤት የሚባሉት መሳፍንት ዛሬ የደቡብ ጀርመን ክፍል የሆነውን ባቫርያን የያዙት በ1180 ነው። በ1255 ሁለት ወንድማማቾች ለሁለት ከፈሉት። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ ጠፋ። በ1392 ሙኒክ፣ ላንድስሁት፣ ኢንጎልሽታት ለየብቻ ሆኑ፤ ሽትራውቢንግ ቀድሞም ለብቻው ነበር። የሽትራውቢንጎች ዘር በ1425 ሲያልቅ፣ ያችኑ ትንሽ አገር ዘመዶቻቸው በ1429 ለአራት ተካፈሏት። ለአራት! የሙኒኩ መስፍን አልብረኽት አራተኛ በ1506 «ርስቱ ለበኩር ወንድ ልጅ ብቻ» ብሎ የደነገገው ይህን አይቶ ነው። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ።

የላንድስሁት ወዳጅ፦ ሕጉ የመጣበትን መንገድ አትዝለለው እንጂ። የላንድስሁቱ ጌኦርግ፣ «ሀብታሙ» የሚሉት፣ በ1475 የፖላንዷን ልዕልት ሄድቪግን አገባ። ከተማዋ ዛሬም ያን ሰርግ በአደባባይ ታከብራለች። ወንድ ልጅ ግን አልበረከተለትም። ስለዚህ አገሩን ለልጁ ለኤልሳቤጥና ለባሏ ለሩፕረኽት ተናዘዘ። አባት ለሴት ልጁ ቢያወርስ ምን ጥፋት አለው?

በኩር ነኝ፦ ጥፋቱማ ግልጽ ነው፤ ውል አፍርሷል። ሙኒክና ላንድስሁት «ወንድ ወራሽ ያጣ፣ ድርሻው ለሌላው ይለፍ» ብለው ተስማምተው ነበር። ውል የሚፈርሰው ለምንወዳት ልጅ ስንል ከሆነ፣ ውል ምን ይሠራል?

የላንድስሁት ወዳጅ፦ እሺ፣ ዋጋውን እንየው። ጌኦርግ በ1503 መጨረሻ ሞተ። በ1504 በአልብረኽትና በሩፕረኽት መካከል ጦርነት ተነሣ፣ መንደር ነደደ። በነሐሴ ሩፕረኽት ሞተ፤ ወር ሳይሞላ ኤልሳቤጥ ተከተለችው። ሁለት ሕፃናት ቀሩ። ትልቁ ኦትሃይንሪኽ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ዳኛ የነበረው የጀርመኑ ንጉሥ ማክሲሚሊያን ደግሞ ኩፍሽታይንን፣ ኪትስቢውልንና ራተንበርግን ለራሱ ወሰደ። ዛሬ ሦስቱም ኦስትሪያ ውስጥ ናቸው። በ1505 ለሕፃናቱ ኖይቡርግን ሰጧቸው። አገር እንዳይከፋፈል ተብሎ በተዋጉት ጦርነት አገሩ ተቆረሰ!

ኢሳር ማዶ፦ ይኼኛው ይከብዳል፣ አልክድም። ግን ከዚያ ወዲያ ጸጥታ ወረደ።

መዝገብ ቤት፦ አልወረደም፣ ወንድሜ። አልብረኽት በ1508 ሲሞት የበኩር ልጁ ቪልሄልም ወረሰ። ታናሹ ሉድቪግ «እኔ የተወለድኩት በ1495 ነው፣ ሕጉ የወጣው በ1506፣ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ተከራከረ። ከ1514 ጀምሮ አብሮ ገዛ፣ መቀመጫውን ላንድስሁት አደረገ። በ1545 ሚስት ሳያገባ ሞተ። አገሩ ዳግም አንድ የሆነው በዚህ ነው። አግብቶ ወንድ ልጅ ቢወልድስ ኖሮ? ሦስተኛው ኤርንስት የክህነት መንገድ ተመረጠለትና በ1517 የፓሳውን ሀገረ ስብከት ያዘ። የታናናሾች ዕጣ ይኸው ነበር።

በኩር ነኝ፦ ታዲያ መከፋፈሉ ምን በጎ ነገር አመጣ?

መዝገብ ቤት፦ ዩኒቨርሲቲ አመጣ። በ1472 ኢንጎልሽታት ላይ የከፈተው የላንድስሁቱ መስፍን ሉድቪግ ነው፤ የጌኦርግ አባት። በ1800 ወደ ላንድስሁት፣ በ1826 ወደ ሙኒክ ሄደ። ዛሬ ልጆቻችን ሙኒክ የሚማሩበት ያ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ መስፍን ከጎረቤቱ ላለማነስ ይሠራ ነበር።

የላንድስሁት ወዳጅ፦ ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ። ሉድቪግ ሕጉን አልቀበልም ሲል ድርድር ተደረገለት። ኤልሳቤጥ የአባቷን ኑዛዜ ይዛ ስትመጣ ጦር ነው የተላከባት። ልዩነቱ ምንድን ነው?